የማኅፀን ኬላ፦ ነፍሰ ጡር እናት የምትወስደው መድኃኒት ወደ ጽንሱ የሚሻገረው እንዴት ነው?

በሸሕዲና በመተማ ዮሐንስ ለሚኖር ሰው ኬላ ማለት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የሰላም ጊዜ ሲሆን ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ ወደ ገላባት የሚሻገር ጭነት ሁለት ጊዜ ይፈተሻል፤ አንድ ጊዜ በኢትዮጵያ በኩል፣ ሁለተኛ ጊዜ በሱዳን በኩል። የተፈቀደው ያልፋል፤ ያልተፈቀደው ይመለሳል፤ ጠባቂው በደከመ ጊዜ ግን ማለፍ የማይገባው ነገር ሾልኮ ያልፋል። በነፍሰ ጡር እናት ማኅፀን ውስጥም ይህን የመሰለ ሁለት ጥበቃ ያለው ኬላ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህ ኬላ ምን እንደ ሆነ፣ እናቲቱ የዋጠችውን መድኃኒት እንዴት እንደሚያሳልፍና እንዴት እንደሚመልስ፣ ከዚህም የተነሣ እያንዳንዳችን ምን ማድረግ እንደሚገባን እንገልጻለን።

ነገሩ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ በተለይ ያስፈልጋል። ይህ አገር ወባና ካላዛር የሚገኙበት፣ ኦንኮሰርኪያሲስ ወይም የወንዝ ዳር ዓይነ ሥውርነት የሚባለው በሽታም ለብዙ ዘመን የኖረበት ስለ ሆነ፣ ሰው መድኃኒት የሚውጥበት ጊዜ ብዙ ነው። መድኃኒት በሚበዛበት አገር ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት መድኃኒት የምትወስድበት ጊዜ መብዛቱ አይቀርም።

አሳባችንን በአንድ ምሳሌ እንጀምር። ክረምቱ አልፎ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወራት አንድ ወጣት የቀን ሠራተኛ ከእርሻ ወደ ከተማ ገብቶ መድኃኒት ቤት ይቆማል እንበል።

«ዶክተር፣ ባለቤቴን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላታል፤ ራስ ምታቱም አላስተኛት አለ። እባክዎ አንድ ነገር ይስጡኝ።»

«ስንት ቀን ሆናት?»

«ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ እንክብሉን በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠዋል፤ ወጣቱም ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። ሚስቱ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ነገር ግን ገና ለእናቷ እንኳ አልተናገረችም። ባልዮው በአደባባይ መናገሩን አፈረ፤ ባለ መድኃኒት ቤቱም አልጠየቀም። ደሟም አልተመረመረም። እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ቦታ በየዕለቱ ሊደርስ የሚችል ነው። እንክብሉ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ ሟሙቶ ወደ ደሟ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? ጥያቄያችን ይህ ነው።

በማኅፀን ውስጥ ያለው ጽንስ ከእናቱ ጋር የሚገናኘው በእትብቱና በእንግዴ ልጁ አማካይነት ነው። የእንግዴ ልጅ በመውለጃው ጊዜ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ ስፋቱም ከዳር እስከ ዳር 20 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ክብ አካል ነው። በውስጡ እንደ ዛፍ ሥር የተንዠረገጉ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፎች አሉ። የእናቲቱ ደም በእነዚህ ቅርንጫፎች ዙሪያ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ የጽንሱ ደም ደግሞ በቅርንጫፎቹ ውስጥ ባሉት የደም ሥሮች ይመላለሳል። ቅርንጫፎቹ ሁሉ ተዘርግተው ቢለኩ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት አላቸው። ሁለቱ ደሞች እጅግ ተቀራርበው ያልፋሉ እንጂ በደኅና ጊዜ አይቀላቀሉም። ምግብና ኦክሲጅን፣ መድኃኒትም ሆነ መርዝ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ በመካከል ያለውን ግድግዳ መሻገር አለበት።

ይህ ግድግዳ ሁለት ዋና ሽፋን አለው። የመጀመሪያው ሽፋን በእናቲቱ ደም በኩል ያለው ነው፤ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ተዋሕደው፣ በመካከላቸው ስንጥቅ የሌለው አንድ ወጥ ሽፋን ሆነዋል። ሁለተኛው በጽንሱ በኩል ያለው ሲሆን፣ እርሱም የጽንሱን ቀጫጭን የደም ሥሮች ከውስጥ የሸፈኑት ሕዋሳት ነው። እነዚህ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ናቸው፤ በየመገናኛቸውም እንደ ስፌት የሚያያይዟቸው ፕሮቲኖች አሉ። የመጀመሪያው ኬላ የመተማ፣ ሁለተኛው የገላባት ነው ብንል ነገሩ ይገባናል። በእርግዝናው መጀመሪያ ግድግዳው ወፈር ያለ ነው፤ ወደ መውለጃው ሲቃረብ ግን እየሳሳ ሄዶ በብዙ ቦታ ከአንድ ሚሊሜትር ሁለት እስከ አራት ሺሕኛ ያህል ብቻ ይቀራል።

ቀድሞ ብዙ ሐኪሞች የእንግዴ ልጅ ጽንሱን ከክፉ ነገር ሁሉ የሚከልል ግንብ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት ያፈረሰው ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለእንቅልፍና ለመረጋጋት ተብሎ ለገበያ ቀረበ፤ ለነፍሰ ጡሮችም የማቅለሽለሽ ማስታገሻ ሆኖ ተሰጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በብዙ አገሮች እጅና እግራቸው በሚገባ ያልወጣ ሕፃናት ተወለዱ። በጀርመን ዶክተር ቪዱኪንድ ሌንዝ፣ በአውስትራልያም ዶክተር ዊልያም ማክብራይድ ጥርጣሬው በዚሁ መድኃኒት ላይ መሆኑን በ1961 አስታወቁ፤ በዚያው ዓመትም ከጀርመን ገበያ ተወገደ። የተጎዱት ሕፃናት ከ10,000 በላይ እንደ ሆኑ ይገመታል። በአሜሪካ ግን ዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉት የመንግሥት መርማሪ የደኅንነቱ ማስረጃ አልተሟላም ብለው ለሽያጭ ፈቃድ ሳይሰጡ በመቅረታቸው ብዙ ሕፃናት ከጉዳት ዳኑ። ግንብ የተባለው ነገር ኬላ መሆኑን ዓለም የተማረው በዚህ ከባድ ዋጋ ነው።

እንግዲህ በዚህ ኬላ የሚያልፈውና የማያልፈው በምን ይለያል? የመጀመሪያው መለያ መጠን ነው። የመድኃኒት ቅንጣት የሚመዘንበት ዳልተን የሚባል መለኪያ አለ። ከ500 ዳልተን በታች የሆነ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ይሻገራል፤ ከ1,000 ዳልተን በላይ የሆነው ግን ለመሻገር ይቸገራል። ታሊዶማይድ 258 ዳልተን ብቻ ነው። በአረቄና በጠላ ውስጥ ያለው አልኮል 46 ዳልተን ስለ ሆነ ያለ ከልካይ ያልፋል፤ እናቲቱ ስትጠጣ ጽንሱም አብሯት ይጠጣል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሆነው ኢንሱሊን ግን ከ5,000 ዳልተን በላይ ስለ ሆነ ወደ ጽንሱ ያን ያህል አይሻገርም፤ ለነፍሰ ጡር የስኳር ሕመምተኛ ከሚመረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሁለተኛው መለያ በስብ ውስጥ መሟሟት ነው፤ የሕዋስ ሽፋን ከስብ የተሠራ በመሆኑ በስብ የሚሟሟ መድኃኒት ቶሎ ያልፋል። ሦስተኛውም በእናቲቱ ደም ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር መጣበቅ ነው፤ የተጣበቀው መድኃኒት ተሸካሚውን ትቶ ብቻውን ሊሻገር አይችልም።

ነገር ግን ኬላው የሚሠራው መጠን በመለካት ብቻ አይደለም። በሕዋሳቱ ላይ ሕይወት ያላቸው ዘበኞች የሚመስሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሊሻገር የገባውን መድኃኒት ይዘው ወደ እናቲቱ ደም መልሰው ይጥሉታል። ከእነዚህ በሰፊው የታወቀው ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባለው ነው፤ የሚቆመውም በተለይ በመጀመሪያው ኬላ፣ በእናቲቱ ደም በኩል ነው። ቢ.ሲ.አር.ፒ. ተብሎ የሚጠራው ሌላው ዘበኛ ደግሞ በመጀመሪያው ኬላ ብቻ ሳይሆን በጽንሱ የደም ሥር ሕዋሳት ላይም ተገኝቷል። ስለዚህ የደም ሥሩ ሕዋሳት ደም የሚያስተላልፉ ቱቦዎች ብቻ አይደሉም። በመገናኛ ስፌታቸው ትልልቁን ቅንጣት ያግዳሉ፤ በዘበኛ ፕሮቲኖቻቸውም አንዳንዱን መድኃኒት ይመልሳሉ። የመጀመሪያውን ኬላ ያመለጠ ሁሉ ሁለተኛውን አልፏል ማለት አይደለም።

እነዚህ ዘበኞች ምን ያህል እንደሚጠቅሙ የሚያስረዳው ታሪክ የመተማን ሕዝብ በቀጥታ ይነካል። ኦንኮሰርኪያሲስን ለማጥፋት አይቨርሜክቲን የተባለው መድኃኒት በመተማ ወረዳ ለብዙ ዓመታት በጅምላ ሲታደል ኖሯል፤ ድንበሩን ተሻግሮ በገላባት በኩልም እንዲሁ ተደርጓል። ሁለቱ መንግሥታት በመመካከር ሥራውን አካሂደው፣ የበሽታው መተላለፍ መቋረጡ በምርመራ ከታወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የጅምላ እደላውን አቆሙ። ሁለት አገሮች በአንድ ድንበር ላይ ተባብረው እንዲህ ያለ ውጤት ማግኘታቸው በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ተጽፏል። የአይቨርሜክቲን መነሻ የሆነውን ነገር ያገኙት ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

በዚያ እደላ ጊዜ ቁመታቸው ከ90 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ልጆች፣ በጠና የታመሙ ሰዎች፣ ከወለዱ አንድ ሳምንት ያልሞላቸው እናቶችና ነፍሰ ጡሮች መድኃኒቱን እንዳይወስዱ ይደረግ ነበር። ነፍሰ ጡር ለምን ትከለከላለች ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን በአይጦች ላይ ከተደረገ ምርምር ያገኛል። ከአንድ የአይጥ ዘር መካከል አንዳንዶቹ ሲፈጠሩ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሌላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት ለእርጉዝ አይጦች የአይቨርሜክቲን ዘመድ የሆነ መድኃኒት ተሰጠ። በእንግዴ ልጃቸው ላይ ዘበኛው የሌለባቸው ግልገሎች ሁሉ ላንቃቸው የተሰነጠቀ ሆኖ ተገኘ፤ ዘበኛው በሙሉ ያለባቸው ግን አልተጎዱም። የአንድ እናት ልጆች ሆነው፣ አንድ መድኃኒት ደርሷቸው፣ አንዱ የተጎዳው ሌላውም የዳነው በኬላው ላይ ዘበኛ በመኖሩና ባለመኖሩ ነው። አይጥ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ጥንቃቄው ከምን እንደ መጣ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ዘበኞቹም ሁልጊዜ በአንድ ብርታት አይቆሙም። የፒ-ግላይኮፕሮቲን ብዛት በእርግዝናው መጀመሪያ ከፍ ያለ ሆኖ ወደ መውለጃው ሲቃረብ ይቀንሳል። የእናቲቱ የስኳር ሕመም የጽንሱን የደም ሥር ሕዋሳት የሚያያይዘውን ስፌት ሊያላላ ይችላል። ወባም ከዚህ የተለየ ጉዳት አለው፤ ተሐዋስያኑ የገቡባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችተው ኬላውን ያቆስሉታል፤ ከዚህም የተነሣ ጽንሱ ምግቡ ተጓድሎበት ክብደቱ አንሶ ሊወለድ፣ አልፎም ሊሞት ይችላል።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ነፍሰ ጡር ከነጭራሹ መድኃኒት አትውሰድ» ብሎ እንዳይደመድም አጥብቀን እናሳስባለን። ይህ ከፊተኛው የማያንስ ስሕተት ነው። ወባ የያዛት ነፍሰ ጡር መድኃኒት ብትከለከል እርሷም ጽንሷም ሊጠፉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን የተባለው የወባ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ጭምር እንዲሰጥ መክሯል። ፕሪማኩዊን የሚባለው ሌላው የወባ መድኃኒት ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ጂ-6-ፒዲ የሚባለው የደም ንጥረ ነገር በሚጎድለው ሰው ላይ ይህ መድኃኒት ቀይ ደምን ያፈርሳል፤ በማኅፀን ያለው ጽንስ ይህ ነገር ይጉደለው አይጉደለው ደግሞ አስቀድሞ ሊታወቅ አይችልም። ሁለቱም የወባ መድኃኒት ተብለው ይጠራሉ፤ ለነፍሰ ጡር ግን አንዱ ሕይወት ሲሆን ሌላው አደጋ ነው።

በካላዛርም ነገሩ እንዲሁ ነው። ካላዛር ሳይታከም ከቀረ የሚገድል በሽታ ስለ ሆነ ነፍሰ ጡርም መታከም አለባት። ነገር ግን በአፍ የሚወሰደው ሚልቴፎሲን ጽንስን ስለሚያሰጋ ፈጽሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ በመርፌ የሚሰጠው የአንቲሞኒ መድኃኒትም ጽንስ የማስወረድ ሥጋት አለበት። ስለዚህ ለነፍሰ ጡሮች በስብ ውስጥ የታሸገው አምፎተሪሲን የተባለው መድኃኒት ይመረጣል። ሐኪሙ ይህን ምርጫ ማድረግ የሚችለው ሴቲቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን ሲያውቅ ብቻ ነው።

ከዚህም በላይ በኬላው ማለፉ ራሱ የሚፈለግ መድኃኒት አለ። ቂጥኝ የያዛት ነፍሰ ጡር ፔኒሲሊን ስትወጋ መድኃኒቱ ተሻግሮ በማኅፀን ያለውን ልጅም ያክማል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለ እናት የምትወስደው መድኃኒት የእርሷን ቫይረስ ከመቀነሱም ሌላ፣ አንዳንዱ ወደ ጽንሱ ተሻግሮ ልጁን ይጠብቃል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰደች እናት በደሟ የሚፈጠረው የመከላከያ ኃይል 150,000 ዳልተን ያህል ክብደት ያለው ትልቅ ቅንጣት ነው፤ ሆኖም ልዩ ተሸካሚ ተመድቦለት ይሻገራልና ሕፃኑ ተጠብቆ ይወለዳል። ያለ ጊዜው ሊወለድ ለተቃረበ ሕፃን ሳንባው እንዲበስል ለእናቱ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የእንግዴ ልጁን አልፎ ይደርሳል፤ ቅርብ ዘመዱ የሆነው ፕሬድኒሶሎን ግን አብዛኛው እዚያው ኬላው ላይ ኃይሉ ይሰበራል። ሐኪም አንዱን ትቶ ሌላውን የሚያዝዘው ይህን ሁሉ አስቦ ነው።

በየሱቁና በየጎረቤቱ በቀላሉ የሚገኙትን መድኃኒቶች በተመለከተ ደግሞ የሚከተለውን እናስታውሳለን። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን ከአራተኛው ወር በኋላ ቢወሰዱ በሚያድገው የጽንሱ አጥንትና ጥርስ ላይ ይጣበቃሉ፤ የልጁም ጥርስ ቀለሙ ተለውጦ ይወጣል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱ፣ ወደ መጨረሻውም በልቡ አጠገብ ያለውን የደም መተላለፊያ ያለ ጊዜው ሊዘጉ ይችላሉ። የአገር መድኃኒትም ከዚህ ውጭ አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት ኮሶ እንዳትጠጣ አሮጊቶች ሲከለክሉ ሰምተናል፤ የዳልተንን ስም ባያውቁም መከልከላቸው ትክክል ነበር። ከዕፅ የተገኘ ነገር ሁሉ የማይጎዳ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ለማንኛውም ሕመም መድኃኒት የምትቀበል ሴት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም ወርኃዊ ደሟ ከዘገየ፣ ሳትጠየቅም ቢሆን ትናገር። የጽንሱ ልብ፣ አከርካሪ፣ እጅና እግር የሚሠሩት ከሦስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና፣ ሆድ እስኪገፋ መጠበቅ ጊዜውን ማሳለፍ ነው። ሁለተኛ፣ ለሚስቱ ወይም ለእኅቱ መድኃኒት የሚገዛ ወንድ ይህን መናገር ነውር እንዳልሆነ ይወቅ። ሦስተኛ፣ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው «ነፍሰ ጡር ናት ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይስጥ። አራተኛ፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለስኳር ወይም ለሌላ ጽኑ ሕመም መድኃኒት የምትወስድ ሴት ባረገዘች ጊዜ በራሷ ፈቃድ አታቋርጥ፤ ፈጥና ሐኪሟን ታማክር፤ የሚቻል ከሆነም ከማርገዟ በፊት ታማክር። አምስተኛ፣ ለሌላ ሰው የታዘዘ እንክብል ለነፍሰ ጡር አይሰጣት።

መምህራን ሆይ፣ በዚህ ሥራ የእናንተ ድርሻ ትልቅ ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ የሰማውን ማታ ለታላቅ እኅቱና ለእናቱ ይነግራል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አስምራችሁ፣ በአንድ ወገን የእናቲቱን ደም፣ በሌላው ወገን የጽንሱን ደም ሥር ጻፉ፤ በመካከሉም ዘበኞቹን አቁሙ። ሥዕሉ ቀላል ነው፤ ትምህርቱ ግን የሰው ሕይወት ያድናል።

አሁን ወደዚያ ወጣት እንመለስ። ባለ መድኃኒት ቤቱ እንክብሉን ከመጠቅለሉ በፊት «ወንድሜ፣ ባለቤትህ ነፍሰ ጡር ናት ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ወጣቱም አንገቱን ደፍቶ ቢሆን እንኳ «አዎን፣ ሁለት ወሯ ነው» ብሎ ቢመልስ፣ ነገሩ ሁሉ በተለወጠ ነበር። ሴቲቱ በቅርብ ወዳለው ጤና ኬላ ሄዳ ደሟ ይመረመራል፤ ወባ ከተገኘባትም ለእርሷና ለጽንሷ የሚስማማው መድኃኒት በልኩ ይሰጣታል። በማኅፀን ያሉት ሁለቱ ኬላዎች የተቻላቸውን ይሠራሉ፤ ነገር ግን የሚያልፈውን ሁሉ መለየት አይችሉም። ከእነርሱ በፊት ያለው ኬላ የእኛ ነው፤ እርሱም መጠየቅና መናገር ነው።